ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለምሠራበት አገር የጤና ሥራ እንድናገር ሲጠይቁኝ ስለ አሜሪካ በጅምላ ማውራት አልፈለግሁም። ጊዜውም አይበቃም፤ ደግሞም አሜሪካ የሚባል አንድ ወጥ የጤና ሥርዓት የለም። ስለዚህ ስለ አንድ ካውንቲ ብቻ ልነግራችሁ ነው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ስላለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ። የመረጥኩት ስለምኖርበት ብቻ አይደለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እኅቱ፣ ልጁ ወይም የድሮ የክፍል ጓደኛው እዚያ የሌለው ሰው ያለ አይመስለኝም። ካውንቲው ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ከጎንደር ከተማችን ጋር የእኅትማማችነት ስምምነት አለው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ እያባዛችሁና እየቀነሳችሁ እንዳትቸገሩ።

የምከተለው መንገድ እዚሁ ግቢ ያስተማራችሁንን ነው። ይህ ቤት በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ጤና መኮንኑ፣ የኮሚዩኒቲ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው እየሠለጠኑ ወደ ቆላ ድባ ይወጡ ነበር። ያ ልማድ በቲም ትሬኒንግ መልክ እኛም ላይ ደርሷል። ሐኪም ነኝ ብላችሁ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት የአካባቢውን ካርታ ሥሩ እንባል ነበር። ውኃ ከየት ይቀዳል? ስንት ሰው አለ? ማን ያስተዳድራል? ገንዘቡ በማን እጅ ነው? ያኔ ጭቃ ረግጦ ቤት ለቤት መቁጠሩ ብዙም አይጥመንም ነበር። ዛሬ ግን ታካሚ ፊቴ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደሚኖር ነው፤ ምክንያቱን ቆይቼ እናገራለሁ።

መሬቱ እንዲህ ነው። ሞንትጎመሪ ከዋሽንግተን ዲሲ በላይ፣ በስተሰሜንና በሰሜን ምዕራብ በኩል ተጣብቆ የተቀመጠ፣ ወደ 1,300 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ነው። አዲስ አበባን ሁለት ተኩል ጊዜ ያህላል ማለት ነው። በደቡብ ምዕራብ ፖቶማክ ወንዝ ከቨርጂኒያ ይለየዋል። በምሥራቅ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ፣ በሰሜን ምሥራቅ ከፓተክሰንት ወንዝ ማዶ ሃዋርድ ካውንቲ፣ በሰሜን ምዕራብ ፍሬድሪክ ካውንቲ አለ። በ1776 ከፍሬድሪክ ተከፍሎ ሲቋቋም ስሙን ያገኘው በ1775 መጨረሻ ኩቤክ ላይ ከሞተው ጄኔራል ሪቻርድ ሞንትጎመሪ ነው። ሰውዬው ካውንቲውን ረግጦት አያውቅም ይባላል።

ከዲሲ ጋር ያለው ወሰን ግን ወንዝም ተራራም አይደለም፤ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። በ1791 ለፌዴራሉ ዋና ከተማ እያንዳንዱ ጎኑ 16 ኪሎ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን መሬት ሲለካ፣ አንዱ ቁራሽ ከሞንትጎመሪ ነው የተወሰደው። ዛሬ የዲሲ ሰፈር የሆነው ጆርጅታውን ያኔ የዚህ ካውንቲ ከተማ ነበር። አሁን ኢስተርን አቬኑ የሚባለውን መንገድ ስትሻገሩ ከዲሲ ወጥታችሁ ሜሪላንድ ገባችሁ ማለት ነው። በር የለውም፣ ኬላ የለውም፤ ምግብ ቤቱም ጸጉር ቤቱም በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ነው። ይህን መስመር ያዙልኝ።

ለሳኒታሪያኖቻችን ስለ ውኃው አንድ ቃል፦ አብዛኛው ሕዝብ የሚጠጣው ከፖቶማክና ከፓተክሰንት ተጣርቶ የሚመጣ ነው። የሚያቀርበውም በ1918 ለሞንትጎመሪና ለፕሪንስ ጆርጅስ በጋራ የተቋቋመ የውኃና ፍሳሽ ድርጅት ነው። ሮክቪል ከተማ የራሷ ማጣሪያ አላት፤ ፑልስቪል የምትባለው ትንሽ ከተማ ደግሞ እስከ ዛሬ ከጉድጓድ ትቀዳለች። ወደ ገጠሩ ስትወጡ ሴፕቲክ ታንክ ያለው ቤት ብዙ ነው።

አዎ፣ ገጠር አለው። ብዙዎቻችን እዚያ ሃያ ዓመት ኖረን የማናውቀው ነገር ይሄ ነው። በ1980 ካውንቲው 93,000 ኤከር፣ ማለትም 37,600 ሄክታር ያህል መሬት ለእርሻ ብቻ ተከልሎ እንዲቆይ ወሰነ። የካውንቲው አንድ ሦስተኛ ነው። እዚያ ውስጥ በመርህ ደረጃ በ25 ኤከር፣ ወደ 10 ሄክታር በሚጠጋ መሬት ላይ፣ ከአንድ ቤት በላይ መሥራት አይፈቀድም። ከዋና ከተማው አጠገብ እንዲህ ያለ መሬት ከአልሚ አስጥሎ ማቆየት ቀላል ጀግንነት አይደለም፤ እኔ በግሌ ወድጄዋለሁ። ዋጋ ግን አለው። ሚሊዮኑ ሕዝብ በቀረው መሬት ላይ፣ በተለይም በሜትሮው ቀይ መስመርና ወደ ፍሬድሪክ በሚወጣው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ተጠጋግቶ ይኖራል። የቤት ኪራይ ይንራል። የእኛ ሰው መጀመሪያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያርፋል፤ ቤተሰብ ሲሰፋ ወደ ጀርመንታውን፣ ወደ ክላርክስበርግ ይወጣል። እዚያም ሲወደድ ካውንቲውን ለቆ ፍሬድሪክ ይገባል።

የሕዝቡን ቁጥር ስታዩ ይሄ ሁሉ የቅርብ ጊዜ ነገር መሆኑ ይገባችኋል። በ1940 ሕዝቡ 84,000 አይሞላም ነበር። በ1950 ከ164,000 በላይ፣ በ1960 ወደ 341,000፤ በሃያ ዓመት አራት እጥፍ ሆነ። ያመጣው የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው፤ መሥሪያ ቤቶች ከዲሲ ወጡ፣ ሠራተኛውም ተከተለ። ሁላችንም የምናውቃቸው የብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋማት ቤተስዳ ናቸው፤ የምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ኋይት ኦክ ነው። ሁለቱም ያሉት ዲሲ ሳይሆን በዚህ ካውንቲ ውስጥ ነው። በ2020 ቆጠራ ሕዝቡ 1,062,061 ደረሰ፤ ከሜሪላንድ ካውንቲዎች አንደኛ። ብቻውን ከግማሽ በላይ የሆነ ዘር የለም። ነጭ ከመቶ 40 አካባቢ፣ ሂስፓኒክ ከመቶ 20፣ ጥቁር ከመቶ 18፣ እስያዊ ከመቶ 15 አካባቢ ነው። ከሦስት ነዋሪ አንዱ ያህል የተወለደው ከአሜሪካ ውጭ ነው። ካውንቲውም ትምህርት ቤቶቹም ማስታወቂያ ከሚተረጉሙባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የክትባት ቅጽ በአማርኛ ታትሞ መጀመሪያ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትርጉሙን ሳነብ ደስታዬ ትንሽ ቀነሰ፤ ለማንኛውም አለ።

ስንት ነን ለሚለው ግን አስተማማኝ መልስ ማግኘት ከባድ ነው። በየዓመቱ የሚደረገው የማኅበረሰብ ጥናት በቤት ውስጥ ስለሚነገር ቋንቋ ይጠይቃል፤ ውጤቱ በሠንጠረዥ ሲወጣ ግን አማርኛ፣ ሶማሊኛና ሌሎች የአፍሮ እስያ ቋንቋዎች በአንድ ረድፍ ተደምረው ነው የሚታዩት። የሆስፒታል መረጃ ደግሞ የሚለየው በዘር ነው፤ አንዲት የደብረ ታቦር እናትና አባቶቿ ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የኖሩባት ሴት በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገባሉ። የ2020 ቆጠራ ቅጽ «ጥቁር» ከሚለው ሥር ትውልድን የሚጻፍበት ቦታ ነበረው፤ በምሳሌነት ከተጠቀሱት አንዱም «ኢትዮጵያዊ» የሚል ነበር። ሳጥኑን ምልክት አድርገን መስመሩን ባዶ ከተውነው ግን አልተቆጠርንም። ኤፒዲሚዮሎጂ ያስተማራችሁን መምህሮች ምን እንደምል ታውቃላችሁ፦ ዲኖሚኔተር በሌለበት ምጣኔ አይሰላም። በእኛ ሰው ዘንድ የስኳር በሽታው፣ የደም ግፊቱ፣ ሄፓታይተስ ቢው ስንት ነው ብትሉኝ በዓይኔ ያየሁትን እነግራችኋለሁ እንጂ በመቶኛ ልነግራችሁ አልችልም።

አሁን ወደ አስተዳደሩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም። አገር ቤት ላለ ሰው ይህን ስነግረው ይስቅብኛል። በ2020 ቆጠራ 81,000 ሰው የተቆጠረባት፣ የእኛ ሰው ከዳር እስከ ዳር የሚያውቃት ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ዓይን ከተማ አይደለችም። ለቆጠራና ለፖስታ የተሰጠች ስም ናት። ከሁሉም የበለጠ ሕዝብ ያላት ጀርመንታውንም እንደዚያው። ቤተስዳም፣ ዊተንም። ማዘጋጃ ቤትና ከንቲባ ያላቸው እነ ሮክቪል፣ ጌይተርስበርግ፣ ታኮማ ፓርክና አንዳንድ ትንንሽ መንደሮች ናቸው። ለቀረው ሕዝብ ከተማውም ወረዳውም ማዘጋጃ ቤቱም ካውንቲው ራሱ ነው፤ መቀመጫው ሮክቪል ነው። ፖሊሱ፣ የእሳት አደጋው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ በረዶ ጠራጊው፣ ራይድ ኦን የሚባለው አውቶቡስ፣ የምግብ ቤት ፈቃድና የንጽሕና ቁጥጥር፣ ሁሉም ከዚያ ነው የሚመጡት። የእንጀራ ቤት ልትከፍቱ ብትሉ መጥቶ ማቀዝቀዣውን የሚለካው የካውንቲው ሰው ነው።

ሞንትጎመሪ በ1948 የራሱን ቻርተር በማጽደቅ ከሜሪላንድ ካውንቲዎች የመጀመሪያው ነው። ዛሬ አስተዳዳሪው ካውንቲ ኤግዚኪዩቲቭ ይባላል፤ በቀጥታ በሕዝብ ይመረጣል። ምክር ቤቱ ከ2022 ጀምሮ 11 አባላት አሉት፤ ሰባቱ በየወረዳቸው፣ አራቱ በመላው ካውንቲ የሚመረጡ ናቸው። ስለዚህ አንድ ነዋሪ አምስት የምክር ቤት ተወካይ አለው። አምስት! ስንቱ ሰው አንዱን እንኳ በስም ይጠራል? የትምህርት ቦርዱ ለብቻው ይመረጣል። ወደ 160,000 ተማሪ ያስተዳድራል፤ የካውንቲው በጀት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን ግማሹ ገደማ የሚሄደው ለትምህርት ነው። ምክር ቤቱ የትምህርት ቤቱን ገንዘብ ያጸድቃል፤ እንዴት ይተዳደር ማለት ግን አይችልም። ገንዘቡ የሚመጣው በዋናነት ከቤት ግብርና ከገቢ ግብር ነው። ካውንቲው ከገቢያችሁ ከ3 ከመቶ ትንሽ ከፍ ያለ ይወስዳል፤ ከክልሉ ግብር ጋር በአንድ ቅጽ ስለሚሰበሰብ ብዙ ሰው መክፈሉን እንኳ አያውቅም።

ጤናው ላይ ስንመጣ ለዚህ ቤት ልጆች የሚጥም ነገር አለ። እያንዳንዱ የሜሪላንድ ካውንቲ በሕግ ጤና መኮንን አለው። ስሙ ከእኛው ጋር አንድ ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ነው። በካውንቲው አንድ ብቻ ነው፤ ወረርሽኝ ሲመጣ ትእዛዝ የሚሰጠው እሱ ነው። ምክር ቤቱም ራሱ የጤና ቦርድ ሆኖ ይቀመጣል። በኮቪድ ጊዜ ጭምብል ይደረግ፣ አይደረግ የሚለው የተወሰነው በነዚሁ የመንገድና የቤት ግብር ጉዳይ በሚያዩ ሰዎች ነው። የትምህርት ቤት ነርሶች ተቀጣሪነታቸው የትምህርት ቤቱ ሳይሆን የካውንቲው የጤናና ሰብአዊ አገልግሎት መምሪያ ነው። ቲቢ ያለበት ሰው የሚከታተለው ሲልቨር ስፕሪንግ ዴኒስ አቬኑ ላይ ባለው የካውንቲው ጤና ጣቢያ ነው። የካውንቲው የራሱ የሚባል ሆስፒታል ግን የለም፤ ሆስፒታሎቹ በሙሉ የግል ወይም የበጎ አድራጎት ናቸው፣ ከወታደራዊውና ከፌዴራሉ በቀር።

ታዲያ ያዙልኝ ያልኩት መስመር እዚህ ላይ ይመጣል። ልጆቻቸው ጋ ለመኖር ግሪን ካርድ ይዘው የሚመጡ እናቶችና አባቶች፣ በ1996 በወጣው የፌዴራል ሕግ ምክንያት፣ ለድሆች የሚሰጠውን የመንግሥት ኢንሹራንስ ለማግኘት በአብዛኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ስልሳ አምስት ያለፋቸውም በገንዘባቸው የአረጋውያኑን ኢንሹራንስ ለመግዛት ያንኑ አምስት ዓመት ይጠብቃሉ። ጥገኝነት ጠይቀው ውሳኔ የሚጠባበቁ ሌሎች አሉ። ሞንትጎመሪ ለእንዲህ ያሉ ኢንሹራንስ የሌላቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አዋቂዎች ሞንትጎመሪ ኬርስ የሚባል ፕሮግራም አለው። ሕክምናውን የሚሰጡት በካውንቲው ገንዘብ የሚደገፉ የበጎ አድራጎት ክሊኒኮች ናቸው፤ እኔም ከነዚያ በአንዱ እሠራለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም። የሚጠየቀው የካውንቲው ነዋሪ መሆን ነው።

ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ። ሦስት እናቶች አሉ እንበል፤ ሦስቱም በ68 ዓመታቸው የመጡ፣ ሦስቱም ስኳርና ግፊት ያለባቸው። አንዷ የሴት ልጃቸው ቤት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሁለተኛዋ ከኢስተርን አቬኑ ማዶ ዲሲ ናቸው። ሦስተኛዋ ልጃቸው ቤት ሲገዛ ፕሪንስ ጆርጅስ ወይም ፍሬድሪክ ገብቷል። ቤተ ክርስቲያናቸው አንድ ነው፣ ቅቤ የሚገዙበት ሱቅ አንድ ነው። የመጀመሪያዋን እኔ በየሦስት ወሩ አያቸዋለሁ፤ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፣ ዓይናቸው ይመረመራል። ሁለተኛዋ የዲሲን ደንብ ይጠይቃሉ፤ ያ ሌላ ዓለም ነው። ሦስተኛዋን የኔ ክሊኒክ በዚህ ፕሮግራም መመዝገብ አይችልም። እነዚህን ነው ብዙ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል የምናገኛቸው፣ እግራቸው ቆስሎ ከቆየ በኋላ።

ዘመዶቻችሁ ቤት ሲገዙ ስለ ትምህርት ቤቱ ደረጃና ስለ ወለዱ ይጠይቃሉ። ወላጅ የሚያመጡ ከሆነ የካውንቲውን ወሰንም ይጠይቁ፤ የፖስታ አድራሻው «ሲልቨር ስፕሪንግ» ስላለ ብቻ አይመኑ። ወሰን ደግሞ የማይነካ ነገር አይደለም። ታኮማ ፓርክ ለሁለት ካውንቲ ተከፍላ ኖራ፣ ነዋሪዋ ድምፅ ሰጥቶ ከሐምሌ 1 ቀን 1997 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሞንትጎመሪ ገብታለች። በዚያች ከተማ በከንቲባና በከተማ ምክር ቤት ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ይመርጣል፤ ከ2013 ጀምሮ የ16 ዓመት ልጅም።

ለካውንቲው ምርጫ ግን ዜግነት ያስፈልጋል፤ ዜግነት ያገኘው የእኛ ሰው ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። ምክር ቤቱ ከ2006 ምርጫ ወዲህ በሙሉ ዴሞክራት ስለሆነ ውድድሩ የሚያልቀው በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ነው፤ እዚያ ለመሳተፍ ደግሞ በፓርቲው መመዝገብ ግድ ነው። በ2018 ማርክ ኤልሪች ዴቪድ ብሌርን ያሸነፉት በ77 ድምፅ ነበር። በ2022 እነዚያው ሁለቱ ተገናኙ፤ እንደገና ተቆጥሮ ልዩነቱ 32 ድምፅ ሆነ። ሠላሳ ሁለት! አንድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ነው። ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለውን፣ የክሊኒኬን በጀት የሚያቀርበውን ሰው የወሰነው ይኸ ነው። እኛ ግን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ የምንከራከረው ስለ ኋይት ሐውስና ስለ አራት ኪሎ ነው። አትከራከሩ አልልም፤ እኔም እከራከራለሁ። ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ሮክቪል ስለሚሰበሰበው ምክር ቤት አንድ ሰው እንኳ ሲያነሳ የሰማሁት በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

ለመምህራኑ በተለይ አንድ ጥያቄ ይዤ ነው የመጣሁት። የእኅትማማችነቱ ስምምነት አለ፤ የሚያንቀሳቅሰው ግን በጎ ፈቃደኞች ያሉበት ድርጅት እንጂ የካውንቲው መምሪያ አይደለም። ስለዚህ «ካውንቲው ይርዳን» ብሎ መጻፍ ብዙ ሩቅ አይወስድም። የሚያስኬደው የምትሰጡት ነገር ይዛችሁ ስትመጡ ነው፤ እናንተም አላችሁ። በአማርኛ ቤት ለቤት ጠይቆ መረጃ መሰብሰብ የሚችል፣ ለሥልሳና ለሰባ ዓመት እናት «ድባቴ» ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው እዚህ ነው ያለው። ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድባቴ መጠይቅ በአማርኛ የተፈተሸው አገር ቤት ነው፤ እዚያ አንዳንድ ቦታ የሚሠራበት ግን አስተርጓሚው በዚያች ደቂቃ በስልክ የሚተረጉመው ነው። የማኅበረሰብ ጤና ክፍሉ ከእኛ ምሩቃን ጋር ሆኖ ሲልቨር ስፕሪንግና ዊተን ላይ ትንሽ የቤት ለቤት ዳሰሳ ቢነድፍ፣ ቆጠራው ያልሰጠንን ዲኖሚኔተር በመጠኑም ቢሆን እናገኛለን። ጠያቂዎቹን እኛ እናገኛለን፤ እዚያ ያለን የዚህ ቤት ልጆች ጥቂት አይደለንም።

ጊዜውን ግን ልንገራችሁ። የካውንቲው የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ኤግዚኪዩቲቩ በጀቱን ለምክር ቤቱ የሚያቀርቡት በማርች አጋማሽ ነው። በኤፕሪል ማንም ነዋሪ ተመዝግቦ ለጥቂት ደቂቃ የሚናገርበት የሕዝብ መድረክ አለ፤ በሜይ መጨረሻ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ከዚያ በኋላ የመጣ ሐሳብ ለሚቀጥለው ዓመት ነው የሚያድረው። ስለዚህ ንድፉ እስከ ጥቅምት እጄ ቢገባ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ መምሪያውን አነጋግረን በኤፕሪሉ መድረክ ላይ የምናቀርበው ይኖረናል። እኔ ለመናገር ከወዲሁ ስሜን አስመዘግባለሁ። አድራሻዬ ከማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ አለ።